ጄኔራሉ የተያዙበት ገጽ

ጄኔራል ወልዴ ተቀምጠው ማስጻፍ አይሆንላቸውም። ዓይናቸውን ስኳር ስለ ወሰደባቸው ከጥላ በቀር የሚያዩት የለም፤ ግን የልጃቸውን ቤዝመንት በእርምጃ ለክተውታል፤ ከሶፋው እስከ ልብስ ማጠቢያው ማሽን አሥራ አንድ። እየተመላለሱ "ጻፍ!" ይሉኛል፣ እኔም እጽፋለሁ። ፍስሐ እባላለሁ፤ ድሮ የሳቸው ሾፌር ነበርኩ፤ ዛሬ ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ ታክሲ እነዳለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ማርልቦሮ ወደሚባለው ሰፈራቸው እየመጣሁ የሕይወት ታሪካቸውን እጽፋለሁ። የእጅ ጽሑፌ እንደሆነ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው። "ኧረ ጌታዬ፣ ደህና የተማረ ሰው ይጻፍልዎ" ብላቸው፣ "እኔ የማምነው አንተን ነው" አሉኝ። ይቺን ቃል በሰማሁ ቁጥር እስክሪብቶውን ጥዬ መሮጥ ያምረኛል። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ፣ ቆዩ፤ አትቸኩሉብኝ።

መቼም ሰው ታሪክ አለኝ ካለ እንደሳቸው ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ክቡር ዘበኛ ገቡ። በመቶ አለቃነት ኮሪያ ዘመቱ። እዚህ ፌብሩዋሪ ላይ ማይነስ ሠላሳ ሲሆን እኛ ስንንጫጫ፣ "እፈሩ! ይሄንን ነው ብርድ የምትሉት?" ይሉናል። ከኮሪያ መልስ ኮንጎ፣ ከዚያ ብርጌድ፣ ከዚያ ክፍለ ጦር። ሜጀር ጄኔራል የሆኑ ቀን ጃንሆይ ፊት እጅ ነስተው ወደ ኋላ ሲመለሱ ምንጣፉ አደናቅፏቸው አንድ ሚኒስትር ላይ ሊወድቁ እንደነበር አስጻፉኝ። "ይቅር ጌታዬ፣ ሰው ይስቃል" አልኳቸው።

"ይሳቅ! እውነት አይደል እንዴ?"

እንዲህ ናቸው። አንድ ቅዳሜ ደግሞ፣ ገበሬው ግብር በዛብኝ ብሎ ወዳመፀበት አንድ ወረዳ ጦር ይዘው ስለ ዘመቱበት ጊዜ ደረስን። "አርባ ሦስት ጎተራ አቃጠልኩ ብለህ ጻፍ" አሉኝ።

እስክሪብቶዬ ቆመ። "'እርምጃ ተወሰደ' ብንለውስ?"

"ማን ወሰደው? ነፋስ ነው የወሰደው? እኔ ነኝ ያዘዝኩት! አንዲት ሴትዮ እህሏ ሲነድ መጥታ ፊቴ ቆመች። አልሰደበችኝም፣ አላለቀሰችም፤ ዝም ብላ አየችኝ። ጻፍ!" አሉና በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያስጨርሱኝ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። "ንጉሥ አዞኝ ነው እል ነበር ፍስሐ። ማመካኛ መቼም አይጠፋም። ግን ክብሪቱን ጫሩ ያልኩት እኔ ነኝ።"

ጻፍኩ። በውስጤ ግን፣ ይሄ ሽማግሌ ማንም ያልጠየቀውን ጥፋቱን እንዲህ አውጥቶ ያሰጣል፣ አንተስ አልኩኝ። አንተስ፣ አንተ ከንቱ?

እንግዲህ ስሙኝ። ነገሩ የሆነው በስልሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ጃንሆይ ወርደው መኳንንቱና ጄኔራሎቹ እየታደኑ በሚለቀሙበት ሰሞን ነው። ጄኔራሉን በላንድሮቨር፣ ከሰል ጆንያ ሥር ሸሽጌ፣ በሆለታ መንገድ ኮሎኔል ካሣዬ እርሻ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ኮሎኔል ካሣዬ የጄኔራሉ ሚስት የእትዬ ሽታዬ ወንድም ናቸው፤ ከጄኔራሉ ጋር ደግሞ በአንድ ቀን ተመልምለው፣ ከአንድ ሳህን በልተው ያደጉ የጦር መሐንዲስ። መሸሸጊያውን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ እትዬ ሽታዬ፣ ኮሎኔሉና እኔ።

በሦስተኛው ቀን ወታደሮች ጠሩኝ። ገረፉህ ወይ ብትሉኝ፣ አንዲት ጥፊ አልቀመስኩም። ብገረፍ ኖሮ ምን ነበረበት! አንድ ሃምሳ አለቃ ወንበር ሰጠኝ፤ ሻይ አዘዘልኝ። "እናትህ ደህና ናቸው? ሰፈራቸው የት ነበር?" አለኝ፤ በቃ፣ ይቺኑ ነው ያለኝ። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ተናገርኩ። "ሆለታ መንገድ፣ ከድልድዩ ወዲህ፣ የኮሎኔሉ እርሻ" አልኩ። ከግቢው ወጥቼ ለማምለጥ ስጣደፍ የመኪናዬን በር በገዛ እጄ ላይ ዘጋሁት፤ ሁለት ጣቴ ተሰበረ።

እትዬ ሽታዬ በፋሻ የተጠቀለለ እጄን ሲያዩ፣ "ልጄን ገረፉብኝ!" ብለው ጮሁ፤ ያንን እጅ አገላብጠው ሳሙት። እኔ ውሸት አልተናገርኩም፤ ዝም ነው ያልኩት። ከዚያማ ወሬው በስንቅ ሳህን ሥር በብጣሽ ወረቀት እስር ቤት ገባ፤ "ፍስሐን ገርፈውት አልተናገረም።" እንዲህ ከሆነ ማን ቀረ? ኮሎኔል ካሣዬ። ይባስ ብሎ ከጄኔራሉ ጋር እርሻው ላይ ተይዘው ሳለ፣ ለመሐንዲስነታቸው ስለተፈለጉ በሁለት ሳምንታቸው ተፈቱ። ማን ይጠራጠር!

ጄኔራሉ ስምንት ዓመት ታሰሩ። እትዬ ሽታዬ በሦስተኛው ዓመት ታመው ሲሞቱ አልጋቸው አጠገብ የነበርኩት እኔ ነኝ። "ያ ከዳተኛ ደጄን እንዳይረግጥ" ብለው ስለነበር ወንድማቸው ሁለት ጊዜ መጥተው ከበር መልሰናቸዋል። እኔ ኋላ ካርቱም ተሰድጄ ስንከራተት፣ ጄኔራሉ ካልጋሪ ላለችው ልጃቸው ለሰርክአዲስ፣ "ለኔ ሲል ጣቱ የተሰበረ ልጅ ነው፣ አምጪው" ብለው ጻፉላት፤ ስፖንሰር አደረገችኝ። አያችሁ፣ ካናዳም የገባሁት በዚያች ጣት ነው።

ኋላ ጄኔራሉም መጡ፤ ኮሎኔል ካሣዬም በልጃቸው በኩል መጡና ሜይላንድ ሃይትስ የሚባል ሰፈር ገቡ። በመኪና አሥር ደቂቃ አይሞላም። ግን አምስት ዓመት ሙሉ ሰላምታ የለም። ቤተ ክርስቲያን አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል፤ እኔ ደግሞ መሃል ላይ ቆሜ ለሁለቱም ካፖርት አቀብላለሁ።

በዚህ መሃል ነው መያዛቸው ላይ የደረስነው። "ጻፍ" አሉ፤ ማሽኑ ጋ ደርሰው ዞሩ። "የተያዝኩበት ሁኔታ። ጠላት አላሸነፈኝም። አሳልፎ የሰጠኝ የሚስቴ ወንድም ኮሎኔል ካሣዬ ነው። ጻፍክ?"

"ጻፍኩ ጌታዬ።"

"ስሙን በትልቁ ጻፈው።"

በትልቁ ጻፍኩት። አንድ ፊደል እንኳ አልተጣመመብኝም፤ እሱ ነው እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ሰርክአዲስ ልብስ ልታወጣ ወርዳ ኖሮ ሰምታለች። ስወጣ ደረጃው ላይ ያዘችኝ። "ጋሼ ፍስሐ፣ ይሄ ነገር ፕሪንት ከሆነ እኮ አለቀ፣ ኢትስ ኦቨር። ሦስት መቶ ኮፒ ነው የማሳትመው፣ ኮሚውኒቲው ሁሉ ሊያነበው ነው። አጎቴ እኮ ነው! የማዬ ወንድም! በናትዎ ሽማግሌ ይግቡ። ዳዲ የሚሰማው እርስዎን ብቻ ነው።"

እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ፊቷ ቁርጥ እናቷን ነው። "እሺ የኔ ልጅ" አልኳት።

ሽማግሌ ሆንኩላችሁ! እኔ! ቄሱ አንዱ፣ እኔ ሁለተኛ፤ ሦስተኛው አቶ ታደሰ የሥራ ሺፍት ስለነበረበት ቀረ። ጄኔራሉን ለመንን፣ በማርያም፣ በሚካኤል አልን። በመጨረሻ "እሺ" አሉ፤ "ግን እንደ አገራችን ወግ ድንጋይ ተሸክሞ ይምጣ። አፉን ከፍቶ ጥፋቱን ይመን። ያን ጊዜ ገጹን አስቀድደዋለሁ።"

መልእክቱን ይዤ ሜይላንድ ሃይትስ ሄድኩ። ኮሎኔል ካሣዬ ኩሽና ጠረጴዛቸው ላይ የተሰበረ ሬዲዮ ፈትተው ነበር። ሰሙኝና ሳቁ፤ "ስንት ኪሎ ይበቃዋል አለ?" አሉ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። አንዲት ብሎን አሽከርክረው ቦታዋ መለሱና "ይሁን፣ እሸከማለሁ" አሉኝ።

"ያላጠፉትን?" ወይ ምላሴ! አመለጠኝ።

ቀና ብለው አዩኝ። "የማንም ጥፋት ይሁን፤ እኔ ተሸክሜው ይለቅ። ወልዴም አርጅቷል፣ እኔም አርጅቻለሁ።"

ልጠይቃቸው ይገባኝ ነበር። የማንም ማለት የማን? አልጠየቅኩም፤ ጥያቄ ጥያቄን ይስባል ብዬ ፈራሁ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጥቼ ወሰድኳቸው። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ክራባታቸውን ለማሰር ጊዜ ወስደዋል። ድንጋይ ግን ከየት ይምጣ? ማርልቦሮ ጉልበት ድረስ በረዶ ነው። ከሰርክአዲስ ጋራዥ ጎን የአበባ መደብ ዙሪያ ድንጋዮች እንዳሉ ትዝ አለኝ፤ በረዶውን በእጄ ጭሬ አንዱን አገኘሁት፤ ከመሬቱ ጋር ደርቆ አልነቀል አለኝ። ከመኪናዬ የጎማ መፍቻውን አምጥቼ እየቀጠቀጥኩ፣ እያላበኝ ነቀልኩት። ኮሎኔሉ ከጎኔ ቆመው ይጠብቁኛል። ባልበደሉት የሚሸከሙትን ድንጋይ የምነቅለው እኔ፣ "እንዳይከብድህ፣ ወገብህን" የሚሉኝ እሳቸው! ያን ጊዜ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ።

ቤዝመንት ወረድን። ጄኔራሉ ሶፋው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ነጠላ ለብሰዋል። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ሰርክአዲስ ማሽኑን ተደግፋ ታለቅሳለች። ኮሎኔሉ ድንጋዩን ማጅራታቸው ላይ አደረጉና አጎነበሱ። የሰባ አንድ ዓመት ሰው ናቸው። በረዶው ቀልጦ በአንገታቸው ውስጥ ይወርዳል።

"መጥተሃል?" አሉ ጄኔራሉ።

"መጥቻለሁ ወልዴ።"

"ያደረግኸውን ተናገር።"

እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ። አሁን "አላደረግኩም" ይላሉ፣ አሁን ጠብ ይነሳል ብዬ ጠበቅኩ። እንዲያውም፣ አምላኬ ይቅር ይበለኝና፣ ጠብ ቢነሳ ደስ ባለኝ፤ ነገሩ እንደነበረ ይቀር ነበራ።

"እኔ ነኝ" አሉ ኮሎኔል ካሣዬ። "ያለህበትን የተናገርኩት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።"

ጄኔራሉ በዳበሳ ተነሱ። እጃቸው አየር ላይ ቆይቶ ድንጋዩን አገኘው፤ ሊያነሱት ሞከሩ፣ ከበዳቸው፣ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። ከዚያ ሁለቱ ሽማግሎች አንገት ለአንገት ተያያዙ። ሃያ አንድ ዓመት! ሰርክአዲስ እልል አለች። ቄሱ አለቀሱ።

"ፍስሐ!" አሉ ጄኔራሉ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ፣ "ያቺን ገጽ ቅደዳት።"

ገጹን ከማኅደሩ አወጣሁ። አለቀ እኮ። ታረቁ፣ ሁሉም ደስ ብሎታል፣ ቅደድና ተገላገል አለኝ ልቤ። ኮሎኔሉን አየኋቸው፤ ማጅራታቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ነው፤ መሐረቡ ላይ ጭቃና ትንሽ ደም አለበት።

"ጌታዬ፣ እኔ ነኝ" አልኩ።

"ምን አልክ?"

"ለወታደሮቹ የተናገርኩት እኔ ነኝ። አልገረፉኝም። ሻይ ነው ያጠጡኝ። ጣቴን የሰበረው የመኪናዬ በር ነው።"

ከዚያ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ፊታቸው በራ። በሁለት እጃቸው ፈልገው ትከሻዬን ያዙ። "አያችሁልኝ ይሄን ልጅ? ካሣዬ፣ አየኸው? አንተ እንዳታፍር ብሎ ጥፋቱን ሊሸከምልህ ነው እኮ!"

"ኧረ ማርያምን! ጌታዬ፣ እውነቴን ነው!"

"በሐሰት አትማል። ተገርፎ ያልተናገረ ሰው ዛሬ ሻይ ጠጥቼ ተናገርኩ ቢል ማን ያምነዋል? ወንድ ልጅ ማለት አንተ ነህ።"

ማልኩ፣ ተገዘትኩ፣ ጮህኩ። ቄሱ፣ "ለእርቅ ሲል ራሱን ዝቅ ማድረጉ ነው" ብለው ግንባሬን በመስቀል አሳለሙኝ። ሰርክአዲስ ጀርባዬን እያሻሸች፣ "ጋሼዬ በቃ፣ ኢትስ ኦኬ" ትለኛለች። የሚያምነኝ ጠፋ። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ያሳመንኳቸው እኔው፤ በአንድ ቀን እንዴት ልመልሳቸው?

አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም፣ አላለቀሰም። ኮሎኔል ካሣዬ መሐረባቸውን እንደያዙ እያዩኝ ነበር።

ኮሎኔሉን በመኪናዬ ሸኘኋቸው። ሜይላንድ ሃይትስ ደርሰን ደጃቸው ላይ ፓርክ አደረግኩ፤ አልወረዱም።

"አልገረፉህም?" አሉ ፊት ለፊት እያዩ።

"አልገረፉኝም።"

"የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነበርን። እኔ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። አንተ ተገርፈህ ዝም ብለሃል ተባለ። ማን ቀረ?"

እንደዚያ አስቤው አላውቅም፤ በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ በሳቸው በኩል ሆኜ ቆጥሬ አላውቅም።

"እህቴን ነው የጠረጠርኩት" አሉ። "ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ለነበረችው ልጇ፣ ለሰርክአዲስ ፈርታ ነው አልኩ። ባሏን አሳልፋ ሰጠች ከምትባል እኔ ልባል ብዬ ዝም አልኩ። ከደጇ ስትመልሰኝም ፊቴን ማየት አፍራ መስሎኝ ነበር፤ አዘንኩላት እንጂ አልተቀየምኳትም። ዛሬም ድንጋዩን ለሷ ነው የተሸከምኩት።"

"ኮሎኔል፣ እግርዎን ስሜ..."

"ተው። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ስትሞት አንተ ነበርክ። ስሜን አንስታ ነበር?"

መዋሸት እችል ነበር። በዚያች ደቂቃ ውሸት ለሳቸውም የሚሻላቸው ይመስለኛል፤ አሁንም አላውቅም። ግን ያን ቀን ሌላ ውሸት ከአፌ አልወጣ አለኝ።

"አንስተው ነበር" አልኩ። "የሞቱ ዕለት ጠዋት፣ 'የሆነው ይሁን፣ ወንድሜን ሳላይ አልሞትም፣ ካሣዬን ጥራልኝ' አሉኝ። እሺ ብዬ ከግቢ ወጣሁ። ብትገናኙ፣ ብትነጋገሩ፣ የኔ ጉድ ይወጣል ብዬ ፈራሁ። ጥግ ላይ ቆሜ ቆየሁና ተመለስኩ። 'ቤታቸው የሉም' አልኳቸው።"

የኮሎኔሉ እጅ የበሩ መክፈቻ ላይ ነበር። "እሷስ ምን አለች?"

"'ደግመህ ሂድ' አሉኝ።"

"ሄድክ?"

"አልሄድኩም።"

በሩን ከፍተው ወረዱ። ደረጃቸው በረዶ ጋግሮ ስለነበር ሮጬ ክንዳቸውን ያዝኩ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ከእጅጌያቸው ላይ አላቀቁና የደረጃውን መደገፊያ ብረት ይዘው ብቻቸውን ወጡ።